በሰሊጥ ጆንያ ዙሪያ

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ አንድ የእህል መጋዘን በር ላይ እግሬ ቀጥ አለ። ከውስጥ አዲስ የሰሊጥ ጆንያ ሸተተኝ። ጆንያ ደግሞ ምን ሽታ አለው ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ገመድ ገመድ ይላል፣ ዘይት ዘይት ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የሳንጃ ቆላ አቧራ አለበት። ወዲያው የድሮ ስጋቴ ተነሳብኝ። የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ከጆንያ የሚያስፈራኝ ምን አለ? ባለመጋዘኑ ወጣት ነው፤ በሩ ላይ ተገትሬ ሲያየኝ በርጩማ ይዞ ወጣና «አባባ፣ አሞዎት ነው? አረፍ ይበሉ» አለኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፤ ጆንያህን እያሸተትኩ ነው» አልኩት። ዞር ብሎ ጓደኛውን በዓይኑ ጠቀሰው። ይጥቀሰው! በዚሁ በጎንደር ከተማ ልጆች በአራት ጆንያ ዙሪያ ሲሮጡ፣ እኔ ሦስተኛው ጆንያ አጠገብ ቆሜ «ሂድ!»፣ «ቁም!» እያልኩ ስጮህ፣ የአንድ ልጅ ትምህርት በዚያ ሩጫ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር እሱ ከየት ያውቃል?

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣልያን ከወጣ ቆየት ብሏል፤ ሲኒማ ቤቱና ፖስታ ቤቱ ግን ገና ቀለማቸው አልወየበም። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ፣ አርባ ዓመት ተጨቃጭቀንበት አልተስማማንም። የማልሳሳተው ሌላውን ነው። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፤ ያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ እንጂ እንደ ዛሬው ግማሹ አረፋ ሆኖ አይደለም። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ባለብስክሌቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ከቡና ቤቱ መስኮት የሸክላ ዘፈን ይወጣል፤ ሸክላው ሲደናቀፍና ዘፋኙ አንዷን ቃል ሲደጋግማት መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ተማሪ ካኪ ቁምጣ ይለብሳል፣ አስተማሪ ከረባት ያስራል። እኔም ከማሠልጠኛ ወጥቼ መቀጠሬ ስለሆነ አንዲት ግራጫ ኮት ነበረችኝ። ልብስ ሰፊው ትከሻዋን በጥጥ ጠቅጥቆልኝ፣ ከሩቅ ላየኝ ሰው ደረተ ሰፊ ጎበዝ እመስል ነበር። ከኮቱ ሥር ግን ያለሁት እኔ ነኝ፣ ስጉው። ጅብ አልፈራም፣ ሽፍታ አልፈራም፤ የምፈራው ነገን ነው። ዝናብ ሳይመጣ ለልብስ እሰጋለሁ፣ ፈተና ሳይደርስ ለተማሪዎቼ እሰጋለሁ። እናቴ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ «አንተ ልጅ፣ ለጎረቤት ፍየል እንኳ ሳትሰጋ አታድርም» ትለኝ ነበር።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ ሚስተር ቤን የሩጫ አስተማሪ ያደረገው። ሚስተር ቤን ከአሜሪካ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ፊቱ በእኛ ፀሐይ ቲማቲም የመሰለ። ከሻንጣው መጽሐፍ ያወጣል ስንል ነጫጭ ኳሶችና አንድ ትልቅ የቆዳ ጓንት አወጣ። ዱላውን እኛ ከወይራ አስጠረብን። ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። ላላየው ሰው ባጭሩ፣ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፤ የመታው ዱላውን ጥሎ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ የተነሳበት ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠርለታል። ማረፊያው ላይ እግሩን ካሳረፈ ማንም አይነካውም። መሀል መንገድ ላይ ኳስ በያዘ እጅ ከተነካ ግን አለቀለት፣ ወጥቷል። ማረፊያ የሚሆን ነገር ስላልነበረን ከአዲስ ዓለም ሰፈር የመጣው ተማሪያችን ኑሩ፣ የሰሊጥ ነጋዴው የሐጂ ይማም ልጅ፣ አባቱን ለምኖ አራት ጆንያ ይዞ መጣ። ጭድ ጠቀጠቅንባቸውና አፋቸውን ሰፋን። «መወርወሩንና መምታቱን እኔ፣ ሩጫውን አንተ» አለኝ ሚስተር ቤን። የጎንደር ልጅ ደግሞ መሮጥ ያስተምሩታል እንዴ ብዬ እሺ አልኩ። ጉዴ የፈላው በማግሥቱ ነው።

መሮጥስ ይሮጣሉ። የማያውቁት መቼ እንደሚሮጥና መቼ እንደሚቆም ነው። ኳስ በተመታ ቁጥር ሁሉም ዞረው ኳሱን ያያሉ፤ «ኳሱን አይደለም፣ እኔን እይ!» እያልኩ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ጆንያው ላይ ሲደርሱ እንደ ጋሪ ሰፊ ዙር ይዞራሉ፤ የውስጥ ጥጉን በግራ እግር ረግጦ መታጠፍን በአመድ መስመር አስምሬ አሳየሁ። ወርዋሪው ትከሻውን እስኪያዞር ጠብቆ መነሳትን፣ ኳስ ከአየር ላይ ከተቀለበ ፈጥኖ መመለስን፣ ከእጅ ለማምለጥ በጎን ተንሸራትቶ መግባትን አስተማርኩ። የመንሸራተቱ ትምህርት ብዙ አልቆየም። የቁምጣ መቀመጫ መቀደድ ሲጀምር እናቶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፉብኝ። አንዷማ የልጇን ቁምጣ አየር ላይ ዘርግታ፣ «ይኸው አስተማሪው፣ በዚህ ቀዳዳ ጎንደር ሁሉ ይታያል!» ብላ አዋረደችኝ።

ከሁሉም ልቤን የበላው ሙላት ነው። ሙላት የደጋው የኮሶዬ ልጅ ነው፤ ከሁለት ያገሩ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቶ ከቤት በሚላክለት ስንቅ የሚማር። ሲሮጥ መሬቱን የሚረግጠው አይመስልም። ጨዋነቱ ግን ፈጀኝ። መጀመሪያ ቀን መትቶ፣ ነፋስ ሆኖ አንደኛው ጆንያ ላይ ደረሰ። ደርሶ ሲያበቃ ከጆንያው ወረድ አለና ጠባቂውን ኑሩን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ኑሩ፣ እንደምን ዋልህ? ሐጂ ደህና ናቸው?» ኑሩ ኳሱን በያዘ እጁ ትከሻውን ነካ አደረገና «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንተ ግን ወጥተሃል» አለው። ሚስተር ቤን ሳሩ ላይ በሳቅ ተንከባለለ። እኔ አልሳቅኩም። «ምነው ሙላት?» ስለው «ሰር፣ ሰው ደጅ ደርሶ ሳይጠይቁ መቆም ነውር አይደለም?» አለኝ። «ከጨዋታው በኋላ ትጠይቀዋለህ» አልኩት። በሌላ ቀን ደግሞ አንዲት እናት እንስራ አዝለው ሜዳውን ሲያቋርጡ ሩጫውን አቁሞ አሳለፋቸው። ያኔ ቱግ አልኩ። «ስማ፣ በጆንያና በጆንያ መካከል መቆም የለም! እናትህ ብትጠራህ፣ ሰማዩ ቢያጓራ አትቆምም! ጆንያው ላይ ስትቆም ደግሞ ለማረፍ አትቁም፤ ክብደትህን የፊተኛው እግርህ ጣት ላይ ጥለህ ለመነሳት ቁም!» አልኩት። «እሺ ሰር» አለ። እሺ ካለ የሚፈጽም ልጅ ነው፤ ኋላ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ሚስተር ቤን የአዘዞ ጦር ሰፈር ልጆችንም ጨዋታውን አስተምሯቸው ስለነበር፣ ለቅዳሜ ከእነዚያ የወታደር ልጆች ጋር ግጥሚያ ተያዘ። በዚያው ሳምንት የሙላት አባት አያ ተሰማ ከኮሶዬ መጡ። ጋቢያቸውን በወጉ የተከናነቡ፣ አንደኛው የጆሯቸው ጫፍ በጣልያን ጊዜ ጥይት የወሰደው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጠሩኝ፤ ሙላት ከጎናቸው መሬት መሬት ያያል።

«መምሩ፣ ልጄን ልወስደው ነው የመጣሁ» አሉ።

«ምነው አያ ተሰማ? ጎበዝ ተማሪ እኮ ነው!»

«ታላቅ ወንድሙ ለሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ወርዶ በዚያው ቀረ። እኔ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ሞፈር የሚይዝልኝ የለም። ይሁን፣ ይማርልኝ ብዬ ስንቅ ስቋጥር ከረምሁ። ገበያ የወጣ ሰው ግን ልጅህ ፈረንጅ እየጮኸበት ጆንያ ሲዞር ይውላል አለኝ። መምሩ፣ እኔ ሲዞሩት የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጆንያ ተዙሮ ምን ይገኛል?»

ጂኦግራፊ ቢሆን አስረዳለሁ፤ ጆንያ መዞርን ምን ብዬ ላስረዳ? ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል ካፌ ዘለለ። «ቅዳሜ ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። አይተው ካልወደዱት ይውሰዱት፣ አልከለክልም» አልኩ። አያ ተሰማ ትክ ብለው አዩኝ። «ቃልህ ነው?» «ቃሌ ነው።» «ሸጋ። እንግዲያ ቅዳሜ አህያ ይዤ እመጣለሁ፤ ካልወደድሁት መኝታውንና መጽሐፉን እጭናለሁ» ብለው ሄዱ። ሙላት ቀና ብሎ «ሰር፣ ባይወዱትስ?» አለኝ። «ይወዱታል» አልኩት።

ያን ሳምንት እህል አልበላ አለኝ። ስጋቱ አንድ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለዛሬ ልጆች ልንገራቸውና፣ ያኔ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሰንደቅ ዓላማ ይወርዳል፣ ጥሩምባ ይነፋል። ጥሩምባው ሲሰማ ከተማው ባለበት ይደርቃል። ማኪና ይቆማል፣ ባለብስክሌት ይወርዳል፣ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ሻይ ያነሳ እጅ እንኳ አየር ላይ ይቀራል። የተንቀሳቀሰ ዘበኛ አንገቱን ይዞ ይወስደዋል፤ ዘበኛ ባይኖርም ሰው ሁሉ እንደ ከሃዲ ያየዋል። እኔ ዛሬም አስራ ሁለት ሰዓት ሲል መሀል መንገድ ላይ እግሬ ይቆማል፤ ባለባጃጆቹ ይሰድቡኛል። ያን ጊዜ ግን የፈራሁት ለሙላት ነው። ሜዳው ከቀሃ ወንዝ ወዲህ ነው፣ ጥሩምባው ጥርት ብሎ ይሰማል። ልጁን ሰማይ ቢያጓራ አትቁም ብዬዋለሁ። አርበኛ አባቱ ፊት፣ ባንዲራ እየወረደ ቢሮጥስ? «ሚስተር ቤን፣ ከአስራ ሁለት በፊት እንጨርሳለን?» እለዋለሁ። «ይህ ጨዋታ ሰዓት የለውም!» ይለኛል፣ ደስ ብሎት። ሰዓት የሌለው ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?

ቅዳሜ ዘግይተን ጀመርን። አያ ተሰማ አህያቸውን ከግራር ሥር አስረው፣ ዱላቸውን ተደግፈው የመጨረሻው ጆንያ ጀርባ ቆሙ። አንዴም አልተቀመጡ፣ አንዴም አልሳቁ። የእኔ አንድ ዓይን ሩጫው ላይ፣ አንዱ እሳቸው ላይ፣ ሦስተኛ ቢኖረኝ ፀሐይዋ ላይ ነበር። የአዘዞ ልጆች ጠንካሮች ናቸው፤ ተመራን፣ ደረስንባቸው፣ እንደገና በአንድ ተመራን። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ የቀረን አንድ ዕድል ብቻ ሆነ። ሙላት ሁለተኛው ጆንያ ላይ ነው፣ መቺው ኑሩ ነው። ሙላት ዞሮ ከገባ እኩል እንሆናለን፤ ከተነካ ተሸንፈናል። ኑሩ የመጣችለትን ኳስ በወይራው አላጋት። ወደ ቀሃ በኩል ነጎደች።

ሙላት ተነሳ። ኳሱን አላየም፣ እኔን ነው ያየው! የአዘዞው ልጅ ኳሷ ላይ ደርሶ ጎንበስ ሲል አየሁ። ቁም ልበል፣ ሂድ ልበል? ሆዴ ቁም ይለኛል። አፌ ግን «ሂድ!» አለ። ሦስተኛውን ጆንያ ጥጉን በግራ እግሩ ረግጦ፣ ልክ እንዳስተማርኩት፣ ተጠምዝዞ አጠገቤ ሽው ሲል ነፋሱ ኮቴን ገለበው። ኳሷ ከኋላ ተወረወረች። መሀል መንገድ ላይ ሲደርስ ጥሩምባው ተነፋ።

ሜዳው ቀጥ አለ። የአዘዞ ልጆች የወታደር ልጆች ናቸው፣ ባሉበት ተገተሩ። ሚስተር ቤን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። አያ ተሰማ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰውዬ እንደ ሸንበቆ ቀና ብለው፣ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ጎናቸው አደረጉ። እኔ ግን ወደ ባንዲራው መዞሬን እንጃ፤ ሙላት ሙላት ብቻ ነው የማየው። አምላኬ፣ እንዳይሮጥ! ቆሟል። አንድ እግሩ ፊት፣ አንዱ ኋላ፣ ክብደቱን ጣቱ ላይ ጥሎ ቆሟል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ኳሷ ብቻ ናት። ማንም ሳይቀልባት መሬት ነጥራ፣ ሳሩን እየቧጠጠች፣ ቀስ እያለች ተንከባልላ የመጨረሻውን ጆንያ የሚጠብቀው ቀላቢ ጫማ ሥር ቆመች። ቀላቢው ልጅ ወደ ታች እንኳ አላያትም፤ ጉንጩ ላይ ላብ ይወርዳል። ጥሩምባውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ረጅም ድምፅ አለች። ረዘመች። የዚያን ዕለት ደግሞ ለነፊው ምን ሳንባ እንደሰጡት! ልክ ስታበቃ ሙላት ተወነጨፈ፣ ቀላቢው ጎነበሰ። ሙላት በጎኑ ወድቆ ተንሸራተተ፣ አቧራው ተነሳ፣ ሁለቱም ጠፉ።

«ደርሷል!» አሉ የእኛዎቹ። «ተነክቷል!» አሉ የአዘዞዎቹ። ዳኛው ሚስተር ቤን ነው፤ በዚያች በተማራት አማርኛ «እኔ ባንዲራ ነበር የማይ፣ ከዚያ አቧራ» አለ። ግፊያው ሊጀመር ሲል ከአዘዞ ልጆች አንዱ «ሽማግሌ ቆመው የለም እንዴ! እሳቸው ይፍረዱ!» ብሎ አያ ተሰማን አመለከተ። ሁሉም ተስማሙ። «አባቱ ናቸው» አልኩ፣ ኋላ ጠብ እንዳይሆን። «አባቱስ ቢሆኑ? ትልቅ ሰው አይደሉ?» አለኝ ቀላቢው። ቤዝቦል እንዲህ ተዳኝቶ ያውቅ እንደሆነ ሚስተር ቤንን ይጠይቁት፤ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አያ ተሰማ ወደ ጆንያው ቀረቡ። «እኔ ጨዋታችሁን አላውቀው። አንተ አስረዳኝ» አሉ ልጃቸውን። ሙላት የተቀደደ ቁምጣውን ከኋላ በእጁ ይዞ ቆመ። በቀስታ ጀመረ፣ ኋላ ግን ድምፁ ጠራ። «አባቴ፣ ጆንያው ላይ ያለ ሰው አይነካም። መሀል ላይ በኳስ ከተነካ ይወጣል። እኔ መሀል ላይ ነበርሁ። ባንዲራ ሲወርድ ቆምሁ፣ ሁሉም ቆመ። ሲያበቃ ሁላችንም ተነሳን።»

«ይኸ ገባኝ። ደረስህ ወይስ ተነካህ?»

ከአቧራው ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ልጄ፣ ደርሻለሁ በል፣ አልኩ በሆዴ፤ አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ያሳፍራል፣ ግን አህያው ግራሩ ሥር ቆሞ ይታየኛል። ሙላት ወደ ጆንያው አመለከተ። «እግሬ ጆንያውን ሳይነካ ትከሻዬን ነክቶኛል፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ያጯጩሃችኋል? ወጥቷል» አሉ አያ ተሰማ። አዘዞዎች ሜዳውን በጩኸት አናጉት፣ ኑሩ ዱላውን ወርውሮ ተቀመጠ። አያ ተሰማ አህያቸውን ሊፈቱ ሄዱ። ተከትዬ «አያ ተሰማ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው። «አየሁት» አሉኝ። «ዘመድ ቤት አድሬ ነገ እገባለሁ» ብለው በጭለማው ሄዱ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሙላት ክፍል ሮጥኩ። መኝታው አለ፣ መጽሐፉ አለ፣ ሙላት ቁምጣውን ይጥፋል። «ንጋት ላይ መጥተው ግንባሬን ስመው ሄዱ። ምንም አላሉኝም ሰር። ሊመለሱ ይሆን?» አለኝ። የላኩለት ስንቅ አልቆ ከረጢቱ ሥር የቀረው ዱቄት አንድ እፍኝ አይሞላም። ቀጣዩ ስንቅ ከመጣ ተምሯል፣ አህያው መኝታውን ሊጭን ባዶውን ከመጣ አለቀለት። እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ሁለታችንም አንድም ቀን ደህና አልዋልንም፤ ክፍል ውስጥ የዓባይን ገባሮች ሳስተምር የኮሶዬ ሰው የሚመጣበትን የደባርቅ መንገድ በመስኮት እያየሁ ነበር።

በገበያው ቀን አንድ የኮሶዬ ሰው አህያ እየነዳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። አህያዋ ጭነት አላት። ሰውየው አንድ የሞላ ስልቻ አወረደ፣ ስፌቱ ላይ የበሶ ዱቄት ይታያል። ሙላት ስልቻውን በሁለት እጁ አቅፎ መሬት ላይ ተቀመጠና እንባው ወረደ። ቀጥሎ ሰውየው ሌላ አዲስ ስልቻ አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ፤ ባዶ ነው፣ ቆዳው ገና ይሸታል።

«ይኸስ?» አልኩት።

«አያ ተሰማ ናቸው የላኩት። ለመምሩ ስጥልኝ አሉ። ያቺ የመጨረሻዋ ጆንያ ሲጠጓት ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ ባትሸሽ ልጄ ደርሶ ነበር። ይቺን ጭድ ጠቅጥቀህ በችካል ቸክላት፣ ይቺ አትሸሽም በለው ብለዋል።»

ያን ማታ ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁና ተኛሁ። እናቴ ፋኖስ ይዛ ሁለት ጊዜ እየመጣች፣ ልጄ ሳይሰጋ የተኛው ምን ሆኖብኝ ነው ብላ ቀስቅሳኛለች።